ሎግ ፋይሉ ደንበኛዬ ኮምፒውተር ላይ ግማሹን ብቻ ነው የሚጽፈው

ናቲ_ኮድ

ሰላም ቤተሰብ። ግራ የገባኝ ነገር ስላለ እርዳታችሁን ፈልጌ ነው።

ለአንድ መድኃኒት ቤት የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። በፓይተን ነው። መስኮቶቹ በቲኬኢንተር፣ ዳታቤዙ በኤስኪውላይት። በፓይኢንስቶለር ወደ አንድ ኢኤክስኢ ፋይል ቀይሬ፣ ጥቁሩ የኮንሶል መስኮት እንዳይታይ አድርጌ ነው የሰጠኋቸው። መድኃኒት ቤቱ ደሴ ነው፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ችግር በተፈጠረ ቁጥር ብድግ ብዬ አልሄድም። እዚያ ምን እንደሆነ የማውቀው ፕሮግራሙ የሠራውንና የገጠመውን ስህተት በየመስመሩ በሚጽፍበት በሎግ ፋይሉ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሎጉ ከፕሮግራሙ አጠገብ እንዲጻፍ ነበር ያደረግኩት። ቦታውን የማገኘው ደብል አንደርስኮር ፋይል ከሚባለው የፓይተን ተለዋዋጭ ነው። እኔ ጋ ከኤዲተሩ ሳስነሳው ፋይሉ ቁጭ ብሎ ይገኛል። እነሱ ጋ ግን የለም። አስፈልጌ አስፈልጌ አጣሁት። ከዚያ ሲ ድራይቭ ላይ በሚፈጠር ፎልደር ውስጥ እንዲጻፍ ቀየርኩት። አሁን ፋይሉ አለ፤ ግን ጎደሎ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚጻፉት መስመሮች አሉ። የሽያጭ መስመሮቹ አብዛኞቹ የሉም። ሽያጩ ራሱ ዳታቤዙ ውስጥ በትክክል ገብቷል።

ሌላም አለ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት «አንዳንዴ መዝግብ የሚለውን ስነካው ዝም ይላል» አሉኝ። ስለዚህ ጉዳይ ሎጉ ላይ አንድም መስመር የለም።

ሎጊንጉን (የፓይተንን ሎግ መጻፊያ) ያዋቀርኩት በቤዚክኮንፊግ፣ ሁሉንም በአንድ ጥሪ በሚያዋቅረው ፋንክሽን ነው። የፋይል ስም፣ ደረጃው ኢንፎ (ተራ መረጃ)፣ ፎርማት፣ በቃ። ኮምፒውተራቸው ዊንዶውስ 10 ነው። ዲስኩ ጠባብ ስለሆነ ሎጉ እያደገ እንዳይሞላውም እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?

ብሩክ_ቢ

የመጀመሪያውን እኔ ልንገርህ። በአንድ ፋይል የተጠቀለለ የፓይኢንስቶለር ፕሮግራም ሲነሳ ራሱን ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ይዘረግፋል። ስሙ በአንደርስኮር ኤምኢአይ የሚጀምር ጊዜያዊ ፎልደር ይፈጥራል። ደብል አንደርስኮር ፋይል የሚያሳይህ ያንን ፎልደር ነው እንጂ ኢኤክስኢው ያለበትን አይደለም። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ፎልደሩ ይጠፋል፣ ሎግህም አብሮ ይጠፋል። ማለትም ሎጉ ሲጻፍ ነው የዋለው፣ ማታ ግን ተጠርጓል።

ኢኤክስኢው ያለበትን ቦታ ከፈለግክ ሲስ ኤክሲኪውተብልን ተጠቀም። ግማሽ ስለሚጽፈው ግን ምንም አልመጣልኝም። ደረጃውን ዲባግ (ዝርዝሩን ሁሉ የሚጽፈው) አድርገህ ሞክረሃል?

ናቲ_ኮድ

አመሰግናለሁ ብሩክ፣ የቴምፑ ነገር ገባኝ። ዲባግ አድርጌው ነበር፣ ለውጥ የለም። የሽያጭ መስመሮቹ ኢንፎ ናቸው፣ መጻፍ ነበረባቸው።

ሰላም_ዴስክቶፕ

ናቲ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። የሽያጭ መስመሩ ላይ ምን ትጽፋለህ? የገዢ ስም ወይም ሌላ ነገር በአማርኛ ይገባበታል? እስቲ የተጻፉትንና የጠፉትን ከዳታቤዙ ጋር አስተያያቸው።

ናቲ_ኮድ

እህቴ ሰላም፣ አሁን አስተያየኋቸው። የገዢው ስም ይገባበታል። የተረፉት መስመሮች በሙሉ ስማቸው በእንግሊዝኛ ፊደል የተመዘገቡ ወይም ስም የሌላቸው ናቸው። በአማርኛ ስም የተመዘገበ ሽያጭ አንድም የለም! እኔ ላፕቶፕ ላይ ግን አማርኛው ይጻፋል። እኔ የምጠቀመው ኡቡንቱ ነው፤ ኢኤክስኢውን ብቻ ነው ዊንዶውስ ባለው ቨርቹዋል ማሽን የምሠራው።

ሰላም_ዴስክቶፕ

በቃ ተገኘ። ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ፤ ፕሮግራሙ አማርኛ የሚያስገባ ሰው ሁሉ የሚያገኘው ችግር ስለሆነ ሌሎችም ያንብቡት።

ፓይተን ፋይል ሲከፍት ኢንኮዲንጉን (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበትን ሠንጠረዥ) ካልነገርከው የሲስተሙን ይወስዳል። በአሜሪካ እንግሊዝኛ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ ያ ሲፒ 1252 ነው። ሲፒ 1252 የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን ነው የያዘው፤ የግዕዝ ፊደል የለበትም። ስለዚህ ከ3.9 በፊት ባለ ፓይተን በቤዚክኮንፊግ የተሠራው ሎግ ሃንድለር (መስመሩን ፋይሉ ላይ የሚጽፈው ክፍል) የአማርኛ ስም ያለበትን መስመር ለመጻፍ ሲሞክር የዩኒኮድ ኢንኮድ ኤረር ይነሳል። ኡቡንቱ ላይ ነባሪው ዩቲኤፍ-8 ስለሆነ አንተ ጋ ጨርሶ አይታይም።

ታዲያ ፕሮግራሙ ለምን አልወደቀም? የፓይተን ሎጊንግ የተሠራው ሎግ መጻፍ ስላልተቻለ ብቻ ዋናው ሥራ እንዳይቆም ተብሎ ነው። ኤረሩን ይይዘውና ስታንዳርድ ኤረር (የስህተት መልእክት ወደ ኮንሶሉ የሚወጣበት መንገድ) ላይ ያትመዋል። ከተርሚናል ብታስነሳው «ሎጊንግ ኤረር» የሚል ረጅም ጽሑፍ ታይ ነበር። አንተ ግን ኮንሶሉን ደብቀሃል። ኮንሶል የሌለው ፕሮግራም ውስጥ ስታንዳርድ ኤረር የለም፣ ባዶ ነው። የሚያትምበት ሲያጣ ሎጊንጉ ዝም ብሎ ያልፈዋል። መስመሩም ጠፋ፣ መጥፋቱን የሚነግርህም ጠፋ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የሌለ ሎግ ወዲያው ይታወቃል። ጎደሎ ሎግ ግን ሙሉ ይመስላል፤ እሱን አምነህ የተሳሳተ ቦታ ስትቆፍር ትውላለህ።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ሃንድለሩን ስትፈጥር ኢንኮዲንግ የሚለውን ዩቲኤፍ-8 ብለህ በግልጽ ጻፍ። ቤዚክኮንፊግ ይህን የሚቀበለው ከፓይተን 3.9 ጀምሮ ነው። ፋይል ሃንድለሮቹ ግን ከዚያ በፊትም ይቀበሉ ነበር። ከ3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ-8 ነባሪ እንዲሆን ተወስኗል፤ አንተ ግን እሱን አትጠብቅ። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውንም ጽሑፍ ፋይል ስትከፍት ኢንኮዲንጉን መጻፍ ልማድ አድርገው።

አሁን ወደ ቦታው። ብሩክ ስለ ሲስ ኤክሲኪውተብል ያለው ልክ ነው፤ ግን ሎግ ከፕሮግራሙ አጠገብ ባይቀመጥ እመርጣለሁ። ነገ ኢንስቶለር ሠርተህ ፕሮግራሙን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ብታስገባው፣ አድሚን ያልሆነ ተጠቃሚ እዚያ መጻፍ አይችልም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ የድሮ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች ላይ ደግሞ ዊንዶውስ ሳይነግርህ ፋይሉን ቨርቹዋል ስቶር ወደሚባል ሌላ ፎልደር ይወስደዋል፣ ሰውም የሌለበት ቦታ ሲፈልግ ይውላል። ዶክመንትስ ውስጥም አታድርገው፤ ተጠቃሚው «ይሄ ምንድነው» ብሎ ያጠፋዋል። ትክክለኛው ቦታ ሎካል አፕዳታ ነው። ከኢንቫይሮንመንት ተለዋዋጩ ታገኘዋለህ። በሥሩ በፕሮግራምህ ስም ፎልደር፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ ሎግስ የሚል ፎልደር ፍጠር። ፎልደሩ ቀድሞ ካለም ኤረር እንዳይመጣ ኤግዚስት ኦኬን ትሩ አድርግ። ብዙ ሰው በየራሱ የዊንዶውስ አካውንት የሚገባበት ኮምፒውተር ከሆነም ለእያንዳንዱ የራሱ ሎግ ይኖረዋል፣ ይሄ ጥሩ ነው። ፕሮግራም ዳታ ውስጥ አንድ የጋራ ፋይል ብታደርግ አንዱ የፈጠረውን ሌላው ላይጽፍበት ይችላል፤ የፈቃድ ጣጣ ውስጥ ትገባለህ።

አፕዳታ ግን የተደበቀ ፎልደር ነው። የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት በስልክ «ቪው ውስጥ ይግቡ፣ ሂደን የሚለውን ይምረጡ» እያልክ ልታስኬዳቸው አይገባም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ «የስህተት መዝገብ አሳይ» የሚል ሜኑ ጨምር። ሲነካ ኦኤስ ስታርትፋይል ፎልደሩን ይክፈተው። እሳቸው ፋይሉን ጎትተው ቴሌግራም ላይ ይጥሉታል። ከሁሉም ውቅር በላይ ሥራዬን ያቀለለልኝ ይህ ሜኑ ነው። ሳታደርገው አትለፍ።

የዲስኩን ነገር ሮቴቲንግ ፋይል ሃንድለር ይጨርስልሃል። ማክስባይትስን 1,000,000፣ ባክአፕካውንትን 5 አድርግ። ፋይሉ አንድ ሜጋባይት ሲሞላ ስሙ ላይ ነጥብ 1 ይጨመርለታል፣ የነበረው 1 ወደ 2 ይሄዳል፣ እንዲህ እያለ እስከ 5። በጠቅላላ 6 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ከሁለቱ አንዱን ዜሮ ከተውከው መዞሩ ጨርሶ አይሠራም፤ ሁለቱንም ሙላ። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፤ አማርኛ የበዛበት ሎግ ካሰብከው ቶሎ ይሞላል።

ቤዚክኮንፊግን ተወው። አንዴ ሃንድለር ከተሰቀለ በኋላ ብትጠራው ምንም አያደርግም፣ ምንም አይልህምም። የሆነ ላይብረሪ ቀድሞህ ሎጊንግ ነጥብ ዋርኒንግን ጠርቶ ከሆነ የአንተ ውቅር ሳይገባ ይቀራል። ሃንድለሩን ራስህ ፍጠርና ሩት ሎገሩ (የሁሉም ሎገሮች ሥር) ላይ ስቀለው። ይህንንም የፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ፣ የራስህን ሞጁሎች ኢምፖርት ከማድረግህ በፊት አድርገው።

«ዝም ይላል» ያሉት ሌላ ጉዳይ ነው። ቲኬኢንተር ውስጥ በተን ሲነካ የሚነሳ ኤረር ሲስ ኤክሰፕትሁክ (ያልተያዘ ኤረር የሚሄድበት ፋንክሽን) ጋ አይደርስም። ቲኬ ራሱ ይይዘውና ስታንዳርድ ኤረር ላይ ያትመዋል። እሱ ደግሞ አንተ ጋ የለም። የሥር መስኮቱን ሪፖርት ኮልባክ ኤክሰፕሽን በራስህ ፋንክሽን ተካው። ፋንክሽኑ ሁለት ሥራ ይሥራ፤ ሙሉውን ትሬስባክ (ኤረሩ ከየት እንደተነሳ የሚያሳየውን ዝርዝር) ሎጉ ላይ ይጻፍ፣ ለተጠቃሚው ደግሞ «ምዝገባው አልተሳካም፣ እባክዎ ይደውሉ» የሚል መልእክት ያሳይ። ሽያጩ ሳይመዘገብ ተመዝግቧል ብሎ ዕቃ የሚያስረክብ ሰው አለ፣ ይሄ ገንዘብ ነው። ሲስ ኤክሰፕትሁክንም ተካው፤ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ካለህ ደግሞ ከ3.8 ጀምሮ ያለውን ትሬዲንግ ኤክሰፕትሁክ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ይሄን ከልቤ ነው የምልህ። የገዢ ስምና የገዛው መድኃኒት አንድ መስመር ላይ ሎግ ውስጥ መግባት የለበትም። ያ ፋይል በቴሌግራም ወደ አንተ ይመጣል፣ ስልክህ ላይ ይቀራል። የሰው ሕመም ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ነው የመደበው። የሽያጭ ቁጥሩን ብቻ ጻፍ፤ ስሙን ከፈለግከው ዳታቤዙ ውስጥ አለ። ስሙን ስታወጣው ኢንኮዲንጉን ግን እንዳትተወው። የኤረር መልእክትና የፋይል ስም ውስጥ አማርኛ መምጣቱ አይቀርም።

የድሮው_ቴክኒሻን

ልጆቼ፣ ጥሩ ነው የተነጋገራችሁት። እኔ የሱቅ ኮምፒውተሮች ስጠግን ነው የኖርኩት፤ ከሃርድዌሩ በኩል ጥቂት ልጨምር።

የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒውተር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቀኑ ወደኋላ ይሄዳል። ሎጉ ላይ ድንገት የዛሬ ስንት ዓመት ቀን ታያለህ። ስለዚህ በቀን ከሚዞር ሎግ በመጠን የሚዞረው ይሻላል፣ ሰላም ልክ ናት። ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥርም አንድ የሚጨምር ቁጥር ሎጉ ላይ ይጻፍ። ቀኑ ቢበላሽ እንኳ ቅደም ተከተሉን በእሱ ታገኛለህ። ባትሪው ርካሽ ነው፣ ሲአር 2032 ይባላል፤ አስቀይራቸው።

የሰዓት አቆጣጠሩንም አትርሳ። «ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው የተበላሸው» ካሉህ ሎጉ ላይ 15፡00 ነው የምትፈልገው። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ካሉህ 09፡30። 9 ሲሉህ 09፡00 ላይ ብትፈልግ ባዶ ነው የምታገኘው።

ናቲ_ኮድ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያነሱት የመብራት ነገር ሌላ ጥያቄ አመጣብኝ። እዚያ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ የለውም። መብራቱ ሲጠፋ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ይተርፋሉ? ደግሞም ሰላም ያለችውን ሁሉ አድርጌ ቨርቹዋል ማሽኑ ላይ ስሞክር አንድ ጊዜ ሎጉ መጻፍ አቆመ። ፕሮግራሙ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ነበር።

ሰላም_ዴስክቶፕ

ሁለቱም ጥሩ ጥያቄ ነው። ከሁለተኛው ልጀምር፤ የከፋው እሱ ነው።

በአንድ ፋይል የተጠቀለለ ፕሮግራም በተነሳ ቁጥር ራሱን ስለሚዘረግፍ ቀስ ይላል። ተጠቃሚው «አልከፈተም» ብሎ ደግሞ ይነካዋል። ሁለቱም ይነሳሉ፣ ሁለቱም ያንኑ ሎግ ፋይል ይከፍታሉ። ፋይሉ ሞልቶ መዞሪያው ሲደርስ ዊንዶውስ ሌላው የያዘውን ፋይል ስሙን ልቀይር ስትለው እምቢ ይላል፤ ዊንኤረር 32። ይህም ኤረር እንደ ኢንኮዲንጉ ዝም ተብሎ ይታለፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ እያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ለመዞር ይሞክራል፣ ይከሽፋል፣ ይጠፋል። በዚያ ላይ በእያንዳንዱ ሙከራ የቆዩት ባክአፖች አንድ አንድ ቁጥር ወደኋላ ስለሚገፉ እነሱም ያልቃሉ። ጥቂት መስመር ሲጻፍ የከረመው ሎግ ሁሉ ይሄዳል።

ስለዚህ ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲከፈት አድርግ። «ፋይል ካለ ተከፍቷል ማለት ነው» የሚለውን ዘዴ አትጠቀም። መብራት ሲጠፋ ፋይሉ እዚያው ይቀርና ማግስቱን ፕሮግራሙ አልከፈትም ይላል። የዊንዶውስ ሚውቴክስ (በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ የሚይዘው ቁልፍ) ተጠቀም። ፕሮግራሙ በምንም ምክንያት ቢሞት ዊንዶውስ ራሱ ይለቀዋል። በሲታይፕስ (ዊንዶውስን ከፓይተን መጥሪያው) ጥቂት መስመር ነው። ሎጊንጉን ከማዋቀርህ በፊት አድርገው። ከቻልክ ደግሞ ፓይኢንስቶለሩን በአንድ ፋይል ሳይሆን በፎልደር ሥራው፤ ቶሎ ይከፍታል፣ ደጋግሞ መንካቱም ይቀንሳል።

የመብራቱን በተመለከተ፣ ፋይል ሃንድለር ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ፍላሽ ያደርጋል (መስመሩን ለዊንዶውስ ያስረክባል)። ፕሮግራሙ ብቻ ቢወድቅ ምንም አይጠፋም። መብራት ሲጠፋ ግን ዊንዶውስ ሚሞሪ ውስጥ ይዞት ዲስክ ላይ ያላሳረፈው ይጠፋል። የፋይሉ ጫፍ ላይ ዜሮ ባይቶች ተደርድረው ብታይ አትደንግጥ፣ ከዚያ ነው የመጡት። ኦኤስ ኤፍሲንክን (አሁኑኑ ዲስክ ላይ አሳርፍ የሚለውን ትእዛዝ) በየመስመሩ ብትጠራ ይስተካከላል፤ ግን ዲስኩን ያደክመዋል፣ በድሮ ሃርድ ዲስክ ላይ ፕሮግራሙ ሲንተባተብ ይሰማሃል። ኤረርና ከዚያ በላይ ለሆኑት ብቻ ጥራው። ሽያጩን የሚጠብቅልህ ሎጉ አይደለም፣ ኤስኪውላይት ነው። እሱ በነባሪው ውቅር እያንዳንዱን ኮሚት (የተቋጨ ምዝገባ) ዲስክ ላይ አሳርፎ ነው የሚመለሰው። ሲንክሮነስ የሚለውን ፕራግማ (የኤስኪውላይት ቅንብር) ለፍጥነት ብለህ ኦፍ አድርገኸው ከሆነ ዛሬውኑ መልሰው።

ናቲ_ኮድ

አዲሱን ላክሁላቸውና ትናንት «የስህተት መዝገብ አሳይ» የሚለውን ነክተው ፋይሉን በቴሌግራም ላኩልኝ። አማርኛው በትክክል ተጽፏል። «ዝም ይላል» ያሉትም ተገኘ። ዋጋ ሲያስገቡ 1,250 ብለው በኮማ ይጽፋሉ። ትሬስባኩ ላይ ቫልዩ ኤረር ይላል፤ ጽሑፉን ወደ ፍሎት (የነጥብ ቁጥር) መቀየር አልተቻለም ነው የሚለው። ሺህ ያልሞላ ዋጋ ላይ ኮማ ስለሌለ ነው «አንዳንዴ» ያሉት። ሰላምዬ፣ ብሩክ፣ ጋሼ፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

ሰላም_ዴስክቶፕ

እሰይ! ኮማውን ከመቀየርህ በፊት አውጣው። ገንዘብ ስለሆነ ግን ፍሎት አትጠቀም፤ ወይ ዴሲማል አድርገው፣ ወይ ደግሞ በሳንቲም ቆጥረህ ኢንቲጀር አስቀምጠው። ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን የዋጋ ዓምድ ስትቀይር መጀመሪያ ባክአፕ ውሰድ።